የእሜቴ ጋጣና አሮጌው ቬንትሌተር

መጋቢት 4

ሙቀት። ገና ከጠዋቱ ሙቀት። ፈረሶቹን አጠጣሁ፣ ጋጣውን ጠረግኩ፣ የቁንጫን ኮቴ ፈተሽኩ... ደህና ነው። ባልዲውን ግን ዛሬም ገለበጠው። ወንድሜ ቁንጫ ብሎ ስም ያወጣለት ወዶ አይደለም። ትንሽ ነው፣ እንቅልፍ ግን ይነሳል።

ባዝራችን እሜቴ አልቧት ዋለች። ሆዷ ከብዷል፣ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። ጀርባዋ ላይ ውሃ እያፈሰስኩ አበስኳት፣ ዓይኗን ጨፍና ቆመችልኝ። በዚህ ዕድሜዋ እርጉዝ! ወንድሜ የሙሽራ አባት ይመስል ደረቱን ነፍቶ ይዞራል። ባዝራዋ የሚስቱ ነበረች። ሚስቱ ካረፈች ወዲህ ከሰው ይልቅ የሚያወራው ከእሜቴ ጋር ነው። ከኔ ጋር ሲያወራ ለመጨቃጨቅ ነው።

ከሰዓት ጋሪ ሙሉ ዕቃ ይዞ መጣ። ቬንትሌተሮች! አንድ ፎቶ ቤት ሲዘጋ አውጥቶ ሲሸጥ አግኝቶ ነው አሉ።

"ጋሼ፣ ይሄ እኮ የሰው ቤት ቬንትሌተር ነው።"

"ፈረስ ከሰው ያንሳል እንዴ?"

ሳቅኩ።

መጋቢት 6

ሰቀላቸው። በምን? በድርቆሽ ማሰሪያ ሲባጎ። ምሰሶው ላይ ጠፍሮ አሰራቸው። የመብራት ገመዱን የደንበኞች ሒሳብ ከምይዝበት ቢሮዬ ስቦ፣ ማራዘሚያ ላይ ማራዘሚያ ቀጥሎ፣ በበሩ ሥር አሳልፎ... ጋጣው የልብስ ማስጫ መሰለ። ትልቁ የእሜቴ ነው። "ለነፍሰ ጡር ቅድሚያ ይሰጣል" አለ።

እውነቱን ለመናገር ግን ደስ አለኝ። ንፋሱ ሲመጣ ፈረሶቹ ጋማቸውን አራግፈው ዝም አሉ። ኮሎኔል እንኳ፣ ያ ኩሩ ፈረስ፣ ፊቱን ለቬንትሌተሩ ሰጥቶ ከንፈሩን ጥሎ ቆመ። እኔም አጠገቡ ቆምኩ።

መጋቢት 13

ቬንትሌተሮቹ ጢም አበቀሉ። ብናኝ፣ የገለባ ድቃቂ፣ የሸረሪት ድር። በመጥረጊያ ብነካው ጭብጥ ሙሉ ወደቀ። ውጪው እንዲህ ከሆነ የሞተሩ ሆድ ውስጥስ ምን አለ?

ወንድሜ ደግሞ አዲስ ጥበብ አግኝቷል። ጆንያ ውሃ ነክሮ በቬንትሌተሩ ፊት ማንጠልጠል። "ቀዝቃዛ አየር በነፃ!" ይቀዘቅዛል፣ አልዋሽም። ሰፈርተኛው ሁሉ መጥቶ አድንቆ ሄደ። ግን ጆንያው ይንጠባጠባል... ጠብታውም በገመዱ ላይ ይንሸራተታል። ወዴት? አልኩት።

"ወደ መሬት ነዋ፣ ውሃ ሽቅብ ሲሄድ አይተሽ ታውቂያለሽ?"

አንድ ነገር ሸተተኝ ደግሞ። ቀጭን ሽታ፣ ፀጉር ሲለበለብ ዓይነት። ነገርኩት።

"አፍንጮ፣ አንቺ መቼ ነው የማይሸትሽ?"

አፍንጮ ይለኛል ከልጅነቴ ጀምሮ። እሱ እንደሆነ አንድ ጊዜ ክፉ ትኩሳት ከያዘው ወዲህ ምንም አይሸተውም። ወተት ተበላሽቶ ቢያንቀው አያውቅም። "ለፈረስ ቤት የተፈጠርኩ ሰው" እያለ ይቀልዳል። አሁን የማይሸተው ሰው የለም ካለ፣ የለም ሊባል ነው?

መጋቢት 17

የእሜቴ ቬንትሌተር ቆመ። ክንፉ አይዞርም፣ ሞተሩ ግን እምምም ይላል። ወንድሜ የመጥረጊያ እንጨት አንስቶ ክንፉን ገፋ አደረገው። ዞረ!

"ሰነፍ ነው፤ ግፊት ነው የሚፈልገው።"

በቃ፣ ከዛ ወዲህ እንጨቱ ከአጠገቡ አልተለየም። ሲቆም ይገፋል፣ ሲቆም ይገፋል። እሱ ይገፋል፣ የሚጋልቡት ደንበኞች ይገፋሉ፣ እኔም ዛሬ ገፋሁት። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይላሉ... ለምን እንደመጣብኝ እንጃ።

መጋቢት 21

የውሃ ፓምፑን ሊጠግን ኤሌክትሪሺያኑ መጣ። ፊውዝ ነው የምንለው፣ ቶሎ ስለሚቆጣ። ጋጣ ውስጥ ሲገባ እያወራ ነበር። ቀና ሲል አቆመ። ፊውዝ ዝም ሲል አይቼ አላውቅም።

"ይሄን ማን ሰቀለው?"

"እኔ" አለ ወንድሜ፣ ኮራ ብሎ።

"ወንድምዓለም፣ እነዚህ እኮ ሞተራቸው ክፍት ነው። ለሳሎን የተሠሩ ናቸው። እዚህ ብናኙን ይጠጣሉ፣ ይግላሉ፣ ከዛ ከሥር ምን አለ? ገለባ። ከላይ ምን አለ? ድርቆሽ። ለጋጣ የሚሆነው ሞተሩ ድፍን የሆነ ነው፣ አቧራ የማያስገባ።"

"ውድ ነው።"

"እሱስ ውድ ነው። ፈረስስ?"

ደግሞ ማራዘሚያውን አየ። በጥርስ የተነከሰ ቦታ አገኘበት፣ የቁንጫ ሥራ ነው። ገመድ በቱቦ ይግባ፣ ፈረስ አንገቱን ቢዘረጋ የማይደርስበት ይሁን አለ። ሰው ሲወጣ ይጥፋ። ከሁሉም በፊት ደግሞ እነዚያን የተቸነከሩ መስኮቶች ክፈቱ፣ የሞቀ አየር መውጫ ከሌለው ቬንትሌተር ሙቀቱን ማዞር ነው ሥራው... ሌላም ብዙ።

"የሚቆመውስ? ይሄ በእንጨት የምትገፉት?"

"ግፊት ይፈልጋል።"

"ሞቷል እኮ ጋሼ! የሞተ ሞተር ነው የምትገፉት። ሳይዞር እምም ባለ ቁጥር እየነደደ ነው።"

ወንድሜ ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ፓምፑን አስጠግኖ ሸኘው። ከሄደ በኋላ፣ "ዕቃ ሊሸጥልኝ ፈልጎ ነው" አለኝ።

መጋቢት 22

ዛሬ ስገባ ስወጣ ቀና ብዬ ነው የማየው። እምምም...

መጋቢት 28

እጄ ያማል፣ ግን ልጻፈው።

ምሳ ሰዓት ላይ ወንድሜን እሜቴ ክፍል ደጃፍ ገለባ ላይ ተኝቶ አገኘሁት። ልትወልድ ስለተቃረበች አይለያትም። በላዩ ላይ ቬንትሌተሩ ቆሟል። አይዞርም፣ ያቃስታል። ሽታው ደግሞ... ዛሬ ቀጭን አልነበረም። እሱ ይተነፍሳል፣ ያንን እየሳበ፣ ሕፃን ይመስል ተኝቶ። ሞተሩን ነካሁት፣ የጣቴ ቆዳ እዚያው ቀረ።

ነቅዬ ጣልኩት። ጮህኩ። ነቃ።

"አብደሻል? ሙቀት ሊገድላት ነው!"

"አንተን ሊገድልህ ነው! ማን አለኝ ካንተ ሌላ? ማን አለኝ?"

ይህን ስል እንባዬ ቀደመኝ። ጣቴን አየ፣ ቅባት አመጣልኝ፣ ራሱ ቀባኝ። ለስላሳ ነው እኮ ሲፈልግ። ማታ ሳልፍ ያንን እምምም ሰምቻለሁ ግን... ሰክቶታል።

ሳይቃጠል በቅጠል። ስንት ጊዜ ልበለው?

ሚያዝያ 2

እኔ ወር ሙሉ ለፍልፌ ያልሆነው የጥርስ ሐኪሟ በአንድ ቃል ጨረሰችው። ኮሎኔል የሷ ነው፣ እኛ ጋ የሚቀለበው። ልትጋልብ መጥታ ጆንያውን አየች፣ ሲባጎውን አየች፣ የመጥረጊያ እንጨቱን አየች።

"ይሄ ካልተነሳ ፈረሴን ነገ እወስዳለሁ።"

ወንድሜ ቀላ። ሴትየዋ ጨዋ ናት፣ ድምጿን እንኳ አላነሳችም። ስትሄድ፣ "ጥርስ ነቃይ!" ብሎ አጉረመረመ። ከሰዓት ግን ወደ ፊውዝ ሲሄድ አየሁት። እልል ልል ምንም አልቀረኝ። ደግሞም ተናደድኩ። የእህት ቃል ከደንበኛ ያንሳል?

ሚያዝያ 5

ጋጣው ሌላ ቤት ሆነ። መስኮቶቹ ተከፈቱ፣ ገመዱ ቱቦ ገባ፣ ማጥፊያው በሩ ጋ ሆነ። ድፍን ሞተር፣ ጠባብ ወንፊት፣ በሰንሰለት ከፍ ብለው የተሰቀሉ። ፊውዝ እያንዳንዱን አንቀጥቅጦ ፈተነ። ድምፃቸው ትንሽ ነው። ምንም አይሸትም፣ ሁለት ጊዜ ዞሬ አሸተትኩ።

"እነዚያን አሮጌዎቹንስ?"

"እጥላቸዋለሁ።"

"መቼ?"

"እሺ አልኩሽ እኮ።"

ዕቃ የጣለበትን ቀን እኔ አላስታውስም። የአባታችን ኮርቻ እስከ ዛሬ አለ፣ አይጥ በልቶት።

ሚያዝያ 9

ወለደች! ሴት! እግሯ ብቻ የሆነች፣ ግንባሯ ላይ ነጭ ያላት። ወንድሜ አለቀሰ። እኔም። ፈረሷ ብቻ አላለቀሰችም፣ ልጇን ትልሳለች። ስም አውጥቶላት እንደሆነ ጠየቅኩት። "ገና ነው፣ እስክትጠና" አለ። ሚስቱ ብትኖር ብሎ ጀመረና የውርንጭላዋን ግንባር ዳበሰ።

ቬንትሌተሩን ዝቅተኛው ላይ አድርገን፣ ንፋሱ ውርንጭላዋን በቀጥታ እንዳይመታት ወደ ጎን አዞርነው። እንዲህ ያለ ቀን ስንት አለ በሰው ዕድሜ? ልቤ ሞላ።

ሚያዝያ 12

ያልታሰበ ዝናብ። አዲሱ ድርቆሽ ገና ከጋሪ ሳይወርድ ራሰ። እየተጯጯህን ድርቆሽ ክፍል አስገባነው። ከእሜቴ ግድግዳ ጀርባ ማለት ነው፣ ክፍሉ። እርጥቡን ከደረቁ ለዩ ብል ማን ይሰማኛል። እኔም በስብሼ ገባሁ። ያስነጥሰኛል።

ሚያዝያ 14

ጉንፋን። ጭንቅላቴ ድንጋይ ሆኗል፣ አፍንጫዬ ድርግም። ሾርባ ውሃ ነው የሚለኝ። ወንድሜ፣ "እንግዲህ ሁለታችንም እኩል ሆንን" ብሎ ሳቀብኝ።

እሜቴ አልበላ አለች። ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ ግድግዳውን ታያለች። ጆሮዋ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ወተት ግን አላት፣ ልጇም ትጠባለች። ምን ሆነች? ፉር ትላለች፣ ግድግዳውን ትረግጣለች። "ነውር ነው እትዬ!" አልኳት። ረገጠች።

ሚያዝያ 15

ዛሬ አየሁት። ድርቆሽ ክፍሉ በር ሥር ገመድ አለ። ጥቁር፣ የማውቀው ገመድ፣ የቁንጫ ጥርስ ያለበት። በሩን ከፈትኩት... ያ! ያ የሞተው፣ ያ የሚገፋው፣ ድርቆሹ መካከል ተቀምጦ እየዞረ። እንጨቱም አጠገቡ።

ነቅዬ ወንድሜን ጠራሁት።

"ድርቆሹ እስኪደርቅ ነው" አለኝ፣ ዓይኔን ሳያይ። "እርጥብ ከተኛ ይሻግታል። የሻገተ ብትበላ ወተቷ ይበላሻል። ማድረቅ አይደለም እንዴ የቬንትሌተር ሥራው?"

"ጋጣ ውስጥ አትስቀል ብትባል ድርቆሽ ላይ አስቀመጥከው?"

"ፈረስ የለም እኮ እዚያ!"

ፈረስ የለም እኮ እዚያ። እንዲህ ነው ያለኝ። የምር ገብቶት ነው፤ ለፈረስ አይሆንም የተባለ መስሎት። ግድግዳው ደግሞ ጣውላ ነው። ድርቆሹን ፀሐይ ላይ እናሰጣው፣ ነገ አብሬህ አወጣለሁ አልኩት። እሺ አለ። እሱ እሺ ሲል ግን አላምነውም።

ሚያዝያ 16

ዳመና። ድርቆሽ ማስጣት አልተቻለም። አሁንም አፍንጫዬ አልተከፈተም። እሜቴ ግድግዳውን ታያለች።

ሚያዝያ 20

እጄ እምቢ ብሎኝ ነበር። ዛሬ ይጻፍልኝ እንደሆነ...

የመጨረሻውን በጻፍኩ በማግሥቱ ነው፣ ቀትር ላይ። ግቢ ውስጥ ባልዲ አጥባለሁ። ወንድሜ ምሳ ሊበላ ቤት ገብቷል። ኮሎኔል አሽካካ። አሽካክቶ አያውቅም እንዲህ። ቀና ስል የድርቆሽ ክፍሉ መስኮት ቡናማ ነገር ይተፋል። ጭስ ነው ብዬ ለማሰብ እንኳ ጊዜ ፈጀብኝ፣ ስለማይሸተኝ። እያየሁት አይሸተኝም! ምን ያህል ቆይቶ ይሆን? ስንት ሰዓት እዚያ ተቀምጬ ሳልሰማው?

ጮህኩ። በሩ ጋ ያለውን ማጥፊያ መታሁት፣ ፊውዝ ነፍሱን ይማርና እዚያ ባያደርገው ኖሮ... ነፍሱን ይማር አልኩ እንዴ? ሰውየው አልሞተም። ምን እንደምጽፍ አላውቅም።

ክፍሎቹን ከፈትኩ። ኮሎኔል በራሱ ወጣ። ቁንጫን በጆሮው ጎተትኩት። ሌሎቹም ወጡ፣ እየተገፋፉ። ወንድሜ በካኒተራ እየሮጠ መጣ፣ ቀጥታ ወደ እሜቴ። ግድግዳዋ ከውስጥ ይንጣጣል። ውርንጭላዋን አቅፎ ተሸከመ፣ እናትየዋ ተከተለችው፣ ወጡ። ሁሉም ወጡ! ተመስገን አልኩ። ሁሉም ወጥተው ነበር እኮ።

ከዛ ጭሱ ግቢውን ሞላው። ወንድሜ ውርንጭላዋን ከአጥሩ ማዶ ሊያስቀምጣት ዞረ። እሜቴ ዘወር ስትል ልጇ የለችም። ደግሞም ፈረስ ሲፈራ ቤቱ ነው የሚገባው፤ ራሱ ነው ሁልጊዜ የሚለኝ፣ ፈረስ ሲደነግጥ ከጋጣው የተሻለ ቦታ አያውቅም ይላል። ሮጠች። ተመልሳ ገባች፣ ወደ ክፍሏ፣ ቀጥ ብላ።

እሱም ተከተላት።

ያዝኩት። በቀበቶው። ጎተተኝ፣ ወደቅኩ፣ አለቀቅኩም። በጉልበቴ እየተሳብኩ እስከ በሩ ወሰደኝ። "ልቀቂኝ!" ይላል። "ልቀቂኝ፣ አንቺ..." ያለኝን አልጽፈውም። በክርኑ አፌን መታኝ፣ ጥርሴ ወለቀ፣ አለቀቅኩም። ላዩ ላይ ተኛሁበት። ጣራው ሲወርድ ከሥሬ ሆኖ ድምጿን ሰማ። እኔም ሰማሁ።

ድምጿን አልጽፍም።

ሚያዝያ 25

ወንድሜ አያናግረኝም። ውርንጭላዋ በጡጦ ነው፣ ሁለታችን እየተፈራረቅን። ጡጦውን አጥር ላይ ያስቀምጥልኛል፣ ከእጁ አልቀበለውም። የጥርስ ሐኪሟ ጥርሴን ልትተክልልኝ ጠራችኝ። ስለ ወንድሜ ምንም አልጠየቀችኝም። ሰፈርተኛው ግን ይጠይቃል፣ እሳቱ ከምን ተነሳ እያለ። ከድርቆሽ ክፍል እላለሁ፣ እዚያ ላይ አቆማለሁ።

ግንቦት 8

እሱ ጫካ ለጫካ ሲዞር ዋለ። ማታ በሩን ከፍቼ ጠበቅኩት። ገባ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ገባ።

ሰኔ 11

አዲሱ ጋጣ አለቀ። በብሎኬት ነው፣ በሁለቱም ጫፍ ሰፊ በር አለው። ድርቆሹ ግቢውን ተሻግሮ ለብቻው፣ እዚያ ክፍል መብራት እንኳ የለም። ፊውዝ ሁሉንም እንደ ደንቡ ሠራው። ቬንትሌተሮቹ ከፍ ብለው ተሰቅለዋል፣ ድፍን ናቸው፣ በየሳምንቱ የሚጠረጉበትን ቀን እኔ ይዣለሁ። ዛሬ ማጥፊያውን ተጫነው። ዞሩ።

ፈረሶቹ አልገቡም።

ኮሎኔል ደጃፉ ላይ ተተከለ። ቁንጫን ገፋነው፣ ለመንነው፣ አጃ አሳየነው። ንፋሱ ፊቱን ሲነካው ወደኋላ ሸሸ። ሁሉም ዛፉ ሥር ናቸው አሁን፣ በሙቀቱ። ጋጣው ውስጥ ማንም በሌለበት ይነፍሳል። ወንድሜም አልገባም። ከዛፉ ሥር ሆኖ ያያል።

"ይለምዳሉ" አለ ፊውዝ።

አጠፋሁት።

ራት ላይ ነው የተናገረው። ከዚያ ቀን ወዲህ የመጀመሪያው ነው፣ ለኔ የተባለ ቃል። ሾርባውን እያየ፣

"ባትይዢኝ ኖሮ አወጣት ነበር" አለኝ።

አይደለም፣ አብራችሁ ትቀሩ ነበር ልለው። ማን ሰካው ልለው። ያንን ገመድ፣ ነቅዬ ካስቀመጥኩት በኋላ፣ ማን መልሶ ሰካው? ምላሴ ጫፍ ደረሰ። እኔ ይህን የምታክል ነገር ይቅርና ትንሿንም ሳልናገር አድሬ አላውቅም። ቀና ብዬ አየሁት። ሸብቷል። መቼ? አንገቱ ቀጥኗል፣ ሸሚዙ የሌላ ሰው መስሏል። ያውቃል እኮ። ከኔ በላይ ያውቃል። ዋጥኩት። ሆድ ይፍጀው።

"ነገም ብትሮጥ እይዝሃለሁ" አልኩት።

ማንኪያውን አስቀመጠ። ደሞ የሚነሳ መሰለኝ፣ ሄዶ እንዳይቀር ብዬ እጄ ጠረጴዛው ሥር ተንቀሳቀሰ፣ ቀበቶውን ሊይዝ። አልተነሳም። ዳቦውን ቆርሶ ወደኔ ገፋው።

"ብዪ፣ ይቀዘቅዝብሻል" አለኝ።

በላሁ።